ድሬዎች፣ ሳጥናችሁን ክፈቱልን

በአንድ አነስተኛ የከተማ ታሪክ ሙዚየም ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የሰፈራችን ሰዎች፤ እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። አከም ጅርቱ። ኢስካ ወረማ።

በዚህ ሙቀት እዚህች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ተጨናንቃችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። የሒሳቡን ዝርዝር ከእኔ በኋላ ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። እኔ ስለ ሥራው ልናገር።

ዘንድሮ ዕቃ ከመሰብሰብ ይልቅ ቃል መሰብሰብን አስቀድመናል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ዕቃ ቤታችን ውስጥ የባቡር ፋኖስ አለ። ትኬት መብሻ አለ። ፊሽካ፣ ቆብ፣ የፉርጎ ቁልፍ አለ። ብዙዎቹ ወደ እኛ የመጡት ዲዳ ሆነው ነው። ይህን ፋኖስ ማን ያዘው? የት ጣቢያ ላይ በራ? ያመጣው ልጅ አያውቅም። አባቱ ያውቁ ነበር፤ አባቱ አልፈዋል። እንዲህ ዓይነት ፋኖስ ዓለም ላይ በሺዎች አለ። የድሬ የሚያደርገው የያዘው ሰው ነው። ፋኖሱ መደርደሪያ ላይ ሃምሳ ዓመት ይጠብቀናል። ሰው ግን አይጠብቅም።

ይህቺን ከተማ ባቡር እንደወለዳት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለልጆቻችን ግን ደጋግመን እንንገራቸው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን አላስወጣ አለ፤ ወጪውም ከበደ። መስመሩ ከሥር በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ ከተማዋን «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ያ የመሐል ጊዜ ነው። ድሬ የመስመሩ ጫፍ የነበረችበት ጊዜ። ዕቃው ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ፣ ፈረንሳዩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው እዚህ ተገናኘ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ሁለት ሰፈር በቀለ። ከዚራ በቀጥተኛ መንገዱና በዛፉ፣ መጋላ በጠመዝማዛ መተላለፊያውና በገበያው። ዛሬ የድሬ ልጅ የሚባለው ጸባይ ያኔ ነው የተጠነሰሰው ብዬ አምናለሁ። ስለዚያ ዘመን በጽሑፍ የቀረው አብዛኛው የኩባንያ ወረቀት ነው። ወዛደሩ ምን እንዳለ፣ ጫኝና አውራጁ ምን እንደዘፈነ ወረቀቱ አይነግረንም።

ወደ ቀረጻው ልምጣ። የጀመርነው ከጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኞች ነው። ድሬ ላይ ድምፅ መቅረጽ የራሱ ጣጣ አለው። ቬንትሌተሩ ከበራ ድምፁ ይበላሻል። ከጠፋ ደግሞ አባቶቻችን በላብ ይጠመቃሉ። ስለዚህ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ሻይ ተቀድቶ ነው የምንቀርጸው። መንገድ ላይ ባጃጁ እስኪበዛ ድረስ ጥሩ ጸጥታ አለ።

ጥያቄ አጠያየቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «የምድር ባቡርን ታሪክ ይንገሩን» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው። «ለሌሊት ጉዞ ምን ስንቅ ይዘው ይወጡ ነበር?» በሏቸው። «ኪስዎ ውስጥ ምን ይኖር ነበር? ደመወዝ ቀን መጀመሪያ የት ነበር የሚሄዱት?» በሏቸው። ያኔ ጨዋታው ይመጣል። ከምግቡ ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛው ወደ አለቃ፣ ከአለቃው ወደ አድማና ወደ ጦርነት ይሄዳል።

ሁለት ሦስት ሆነው ሲቀመጡ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው «ኧረ አቦ፣ እንደዚያ አልነበረም!» ይላል። ይከራከራሉ። እኛ ማንንም አናርምም፤ ሁለቱንም ቃል እናስቀምጣለን። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ሲቆረጥ ከተማዋ ምን እንደመሰለች የሚናገሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አይናገሩም። አንዱ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር፤ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ ነገር በግልጽ እንድታውቁልን እፈልጋለሁ። የተቀረጸው ቃል የተናጋሪው ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ፎርም እንሞላለን። «አሁኑኑ ለሕዝብ ይሰማ» ማለት ይቻላል። «እኔ ካለፍኩ በኋላ ይሰማ» ማለት ይቻላል። «ይህቺን ክፍል ዝጉልኝ» ማለትም ይቻላል። ስለ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አደጋ የተናገሩ አባቶች አሉ። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል የገባበትና ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት ነው። የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች አሁንም መሐላችን አሉ። ያንን ቀረጻ ሳናማክራቸው አናሰማም።

ያ ዲዳ ፋኖስ ምን ሆነ? አንድ ጡረተኛ አባት ዕቃ ቤት ገብተው ገና ሲያዩት እጃቸውን ዘረጉ። መስታወቱን አዙረው ቀዩንና አረንጓዴውን አሳዩን። ዝናብ ሲሆን እንዴት እንደሚያዝ፣ ክንድ ሲዝል ከየትኛው እጅ ወደ የትኛው እንደሚዛወር አሳዩን። ተማሪዎቻችን በቪዲዮ ቀረጹት። አሁን ከፋኖሱ ጎን የእሳቸው ድምፅ ይሰማል። ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራችን የፎቶ ቀን ነው። የጀመርነው ግንቦት 10፣ በዓለም አቀፉ የሙዚየም ቀን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው የቤቱን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ፊቱ ስካን አድርገን እዚያው እንመልስለታለን። አንድም ፎቶ እኛ ዘንድ አያድርም። ይህንን ያልንበት ምክንያት አለን። «ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ ተወስዶ የቀረ ፎቶ የሌለበት ቤት ድሬ ውስጥ የለም።

የሆነው ግን ካሰብነው በላይ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.ን ማንም አልረሳም። ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከሰውና ከቤት ጋር የሄደ ሌላም ነገር አለ፤ የቤተሰብ አልበም። የእናቱን ፊት ማየት የማይችል ልጅ አለ፤ አንዲት ፎቶ እንኳ አልተረፈችውም። በፎቶ ቀን አንዲት እናት የራሳቸውን የሠርግ ፎቶ ይዘው መጡ። ከኋላ ከቆሙት ሚዜዎችና ጎረቤቶች መሐል በዚያ ሌሊት የሞተች ጎረቤታቸው አለች። ልጇን ጠራነው። ያችን ፊት ለይተን፣ አሳድገን፣ አትመን ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ተለወጠ። የጠፋ ፊት ያላቸው ቤተሰቦች ስም እያስመዘገቡ ነው። እናንተ ቤት ያለው የሠርግ፣ የክርስትና፣ የሰርተፊኬት ቀን ፎቶ ውስጥ የሌላ ሰው እናት ልትኖር ትችላለች። እባካችሁ አምጡ። ከዘንድሮ ሥራችን ሁሉ እኔ ይኼን እወዳለሁ።

ፎቶ አያያዝን በተመለከተ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ላሚኔት አታስደርጉ። ላስቲኩ ሲሞቅ ከፎቶው ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ማላቀቅ አይቻልም። ገጹ ሙጫ ያለው አልበምም እንደዚያው ነው። ግድግዳ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አትስቀሉ፤ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል። ዋናውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጡና ኮፒውን ስቀሉ። ሳጥኑ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ምስጥ አለ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ የሰዎቹን ስም ጻፉ። «አባዬ» ብላችሁ አትጻፉ። የልጅ ልጃችሁ የትኛው አባዬ እንደሆነ አያውቅም።

አሁን ስለሚያሳዝነኝ ነገር ልናገር። ልዋጭ። ጠዋት ጠዋት በየበሩ ሲጣሩ ትሰማላችሁ። ልዋጭ ሠራተኛው እንጀራው ነው፤ እሱን አልወቅስም። ነገር ግን የአያት የነሐስ ፋኖስ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ሲለወጥ አይቻለሁ። የሐዲድ ብሎን፣ የጣቢያ ደወል፣ የድሮ ሚዛን በኪሎ ተመዝኖ ብረት ማቅለጫ ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ይመዝገብ ይላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ሕግ በየጓዳው አይገባም። ስለዚህ ዘንድሮ ልዋጭ ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። የባቡር ምልክት ያለበት ዕቃ ሲያገኙ ከማስረከባቸው በፊት እንዲያሳዩን ተስማማን። ዋጋውንም እንከፍላቸዋለን። ጥሩ ዓይን አላቸው፤ ከእኛ ቀድመው ነው የሚያዩት። ዕቃው ከየት ቤት እንደወጣ ስለሚያውቁም ታሪኩን ይዘን ወደ ባለቤቱ እንመለሳለን።

የትምህርት ቤት ጉብኝቱ ቀጥሏል። መምህራን፣ ክብር ይስጥልን። ልጆቹን ባቡር ላይ ብቻ አናቆማቸውም። ከከተማችን አፍንጫ ሥር ፖርክ ኤፒክ የተባለው ዋሻ አለ። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች እዚያ ቀይ አፈር ሲፈጩ ነበር። ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን የቀለም ድንጋይ ተገኝቶበታል። ልጆቹ ቀይ አፈር ፈጭተው በእጃቸው ሲያትሙ ዋሉ። ዩኒፎርም ስላበላሸን ወላጆችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከቻልን ደግሞ የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች እናሳያቸዋለን፤ የመኪና ነገር ነው የያዘን።

በሚመጣው ዓመት የሴቶችን ቃል መቅረጽ እንጀምራለን። የባቡር ታሪክ ሲነሣ ሎኮሞቲቩ፣ ነጂው፣ ጣቢያ ኃላፊው ነው የሚነሣው። ባቡሩን ያበላችው ማን ናት? በየጣቢያው በመስኮት እንቁላልና ሻይ ስታቀብል የኖረችው? ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ እስከ ድሬ ጨርቅና ሩዝ ይዛ ከተቆጣጣሪ ጋር ስትደባበቅ ልጆቿን ያስተማረችው? ይህቺ ከተማ ግማሽ በግማሽ በእነሱ ንግድ ነው የቆመችው። አንዳንዶቹ «ያ እኮ ኮንትሮባንድ ነበር፣ እንዴት እናገራለሁ?» ይላሉ። ስማቸውን ሳንጠቅስ እንቀርጻለን። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ነው የሚቆመው። በመስኮት የሚሸጥ ነገር የለም። ያንን ንግድ በዓይኗ ያየች ሴት ዛሬ በሕይወት አለች። ከዓመታት በኋላ አትኖርም። ጥድፊያችን ለዚህ ነው።

መቅረጫ አለን። ሁለት ሃርድ ዲስክ አለን፤ አንዱን ሌላ ቤት ነው የምናስቀምጠው፤ ጎርፍም እሳትም ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያገኛቸው። የጎደለን ሰው ነው። ሶማሊኛና አፋን ኦሮሞ ሰምቶ የሚጽፍ፣ የምድር ባቡርን ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጡረተኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚሰጠን ወጣት እንፈልጋለን።

መውጫው በር ላይ ሁለት መዝገብ አለ። አንዱ ቃላቸው እንዲቀረጽ ለምትፈልጓቸው አባቶችና እናቶች ነው። የታመሙ ካሉ ምልክት አድርጉባቸው፤ እነሱን እናስቀድማለን፤ ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን። ሁለተኛው በጎርፉ ፎቶ ለጠፋባችሁ ነው። የምትፈልጉትን ሰው ስምና የነበረበትን ሰፈር ጻፉ። የሚቀጥለው የፎቶ ቀን ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። አመሰግናለሁ። አሁን ገንዘብ ያዣችንን ልጋብዝ።