2009 ላይ የቀረው ላፕቶፕ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ጅማ ነኝ፤ እዚህ ጥቅምት ቢገባም ዝናቡ ቶሎ አይለቅም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማይክራፎኑ አይችለውም፣ ታገሱኝ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቤት ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ነው፦ ፕሮሰሰሩ የድሮው ኮር ቱ ዱኦ፣ ራሙ 4 ጊጋ። ባትሪው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ቻርጀሩ ሲነቀል ድርግም ይላል። ዊንዶውስ 10 ነበር የተጫነበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ይሄ ማሽን ስሙንም አልሰማ። «አጎቷ ኮምፒውተር ያውቃል» ተባለና ወደ እኔ መጣ።

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና እጭንበታለሁ አልኩ። የአንድ ምሽት ሥራ ነው ብዬ ፎከርኩም። አራት ምሽት ፈጀብኝ።

ከሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንትን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይፈልጋል፤ 4 ካገኘ ይደላዋል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑን አስቀድሜ አይቻለሁ። ሚንት ከ20ኛው ስሪት ጀምሮ 32 ቢት ማሽኖችን ትቷቸዋል። ዴቢያን የሚባለው ሌላው ሊኑክስም 13ኛው ስሪት ላይ ለእነሱ ጫኚ ማውጣት አቁሟል። የእናንተ ከዚህም የባሰ ሽማግሌ ከሆነ ከማውረዳችሁ በፊት ይሄን እዩ። 3 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል በከንቱ ማውረድ ያንገበግባል።

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው። ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ሚንትን ፍላሽ ላይ ስጽፍ ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን የዲስክ አከፋፈል መረጥኩ። የማሽኑ ባዮስ፣ ማለትም ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ የድሮ ነው፤ የሚያውቀው አሮጌውን አከፋፈል ኤምቢአርን ነው። ያንን አስተካከልኩ። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። መነሻው ዝርዝር ላይ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚል አለ፤ እሱን ስመርጥ ዴስክቶፑ መጣ። ደስ አለኝ። መብራት ሄደ።

ሲመለስ ፍላሹ የለም። ማለቴ፣ ተሰክቷል፣ ማሽኑ ግን አያየውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ዊንዶውስ ይገባል። ፍላሹ ተበላሸ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ባዮስ ገብቼ ከዩኤስቢ መነሳትን አንደኛ አደረግኩ፣ ሴቭ፣ ሠራ። በማግስቱ ምሽት ስከፍተው ደግሞ የለም። ፎርጂድ ነው አልኩና ፈረንጅ አራዳ ወርጄ ሌላ ፍላሽ ገዛሁ። አዲሱም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። እንደዚህ ያለ ብልሽት ነው የሚያሳብደኝ። ጨርሶ እምቢ ያለ ነገር ቢያንስ ሐቀኛ ነው።

በሦስተኛው ምሽት ልጅቷ ከጎኔ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ባዮሱን ስከፍት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

«አጎቴ፣ ይሄ በፈረንጅ ነው በሀበሻ?»

01/01/2009 ይላል።

«በፈረንጅ» አልኳት።

«እንግዲያው እኔ ዳዴ እያልኩ ነበር» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ያን ቁጥር ሦስቱንም ምሽት አይቼዋለሁ። አይቼ አልፌዋለሁ! ሁለት አቆጣጠር ለለመደ ዓይን 2009 ምኑ ይገርማል? ባንክ ቤት አንድ ዓመት፣ ስልኬ ላይ ሌላ ዓመት፣ የልደት ካርዴ ላይ ሌላ። ጭንቅላቴ ሳልጠይቀው «የእኛው ነው» ብሎ አሳለፈው። ሌላው ሰው ዓመቱ ሲዛባ ይደነግጣል፤ እኔ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ እተኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ የሳንቲም ባትሪ አለች፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት። ላፕቶፑ ጠፍቶም ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምትይዘው እሷ ናት። እሷ ከሞተች፣ ትልቁም ባትሪ ከሞተ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሁሉንም ይረሳል። ዩኤስቢን አንደኛ ያደረግኩትንም ረስቷል። አንዳንዱ ማሽን ሲከፈት ይሄንን ጽፎ ይነግራችኋል፤ ይሄኛው ዝምተኛ ነው። ሁለት ፍላሽ በሐሰት ወንጅያለሁ።

በማግስቱ መርካቶ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። በካቻቢቴ ከፈተና አወጣት፦ በቢጫ ፕላስቲክ የተጠቀለለች፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያላት። እንደዚህ ሽቦ ያላት አልነበረውም። ሽቦዎቹን ከአሮጌዋ ላይ አላቀቀ፣ ተራዋ ሳንቲም ባትሪ ላይ አጣበቀ፣ በናስትሮ ግጥም አድርጎ ጠቀለለ። አያምርም። ይሠራል።

ቤት ስገባ ባዮሱን አስተካከልኩና ቻርጀሩን ሆን ብዬ ነቀልኩት። ቡና እየተፈላ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ጠበቅኩ። ስሰካው ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሚንት ከዚያ በኋላ ያለ ችግር ተጫነ። ዋይፋዩ ብቻ፣ ቺፑ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ስለሆነና የራሱን ድራይቨር ስለሚፈልግ፣ ሊታይ አልቻለም። ስልኬን በገመድ ሰክቼ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አበራሁ፤ በእሱ ኢንተርኔት ድራይቨሩን አወረድኩ፣ አለቀ።

ትናንት ከዶርም ደወለችልኝ። ወርድ የታለ ብላ ልትጣላኝ መስሎኝ ነበር። በወርድ ፋንታ ያለውን ሊብሬኦፊስን ለምዳዋለች። የደወለችው ለሌላ ነው፦ የዶርም ጓደኞቿ ሦስት አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ተሰልፈዋል፣ መቼ ትመጣለህ ትለኛለች።

መጀመሪያ ዓመተ ምህረቱን ስንት እንደሚሉ ተመልከቺልኝ አልኳት።