የመጠባበቂያ ፈንዳችን የት ደረሰ? (በገበሬዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የጽሕፈት ቤታችንን ሠራተኞችና አዳራሹን ያሰናዱትን ወጣቶች ከልብ አመሰግናለሁ። የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ነው። አዳዲስ አባላት ተቀብለናል፣ የዘር አያያዝ ሥልጠና ሰጥተናል፣ ሒሳባችን በጊዜው ተመርምሯል። ኮርቼባችኋለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያቀርበዋል። እኔ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

የመጠባበቂያ ፈንዱ ነገር ነው።

ፈንዱን ለምን እንዳቋቋምነው ላስታውሳችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንበር ተዘጋ፣ መኪና ቆመ፣ ሆቴልና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እርሻ ግን አይዘጋም። ላም በየቀኑ ትታለባለች። የቀላ ቲማቲም ገደቡ እስኪነሳ አይጠብቅም።

ያን ሰሞን ስንቶቻችን ወተት መሬት ላይ ደፋን! ስንቶቻችን የደረሰ አትክልት መልሰን አረስነው! አሜሪካ ውስጥም ገበሬዎች ወተት ደፍተዋል። ቤልጅየም ውስጥ ገዢ ያጣ ድንች በመጋዘን ተከምሯል። ጀርመን ድንበሯን ዘግታ ሳለ አዝመራ የሚሰበስብላት ሰው በአውሮፕላን አስመጥታለች። ሰብሳቢ ከሌለ ማሳ ላይ የቆመ ሰብል ማንንም አያጠግብም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ዓለም እህል አላጣችም። የ2020 የዓለም የእህል ምርት እስከዚያን ጊዜ ከተመዘገበው ሁሉ ይበልጥ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት ግን በዚያው ዓመት ከ720 እስከ 811 ሚሊዮን ሰው ተርቧል ይላል። ከቀደመው ዓመት ወደ 118 ሚሊዮን ጨምሯል ማለት ነው። የቀን ሠራተኛው ሥራው ሲቆም መግዣ አጣ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ 370 ሚሊዮን ያህል ልጆች እዚያ የሚያገኙት ምግብ ቀረባቸው። እንዳያጥረን ብለው እህል ወደ ውጭ መላክ የከለከሉ አገሮችም ነበሩ፤ ቬትናም እንኳ አዲስ የሩዝ ሽያጭ ውል ለጥቂት ሳምንታት አግዳ ነበር። እኛ ጋ ወተት ይደፋል፣ ወዲያ ማዶ ልጅ ጦሙን ያድራል። በመሃል የጎደለው መኪና፣ ማቀዝቀዣና ትንሽ ገንዘብ ነበር።

በዚሁ አዳራሽ እጃችንን ያወጣነው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ አባል በየወሩ ያዋጣል፣ በመዋጮው ቀዝቃዛ መጋዘን ይሠራል፣ ለክፉ ቀን ዘርና የመኪና ወጪ ይቀመጣል ተባባልን። አንድም ሰው አልተቃወመም። ዛሬ ሳያቋርጥ የሚከፍለው ከሦስት አባል አንዱ ነው። የመጋዘኑ መሠረት ወጥቶ ሥራው ቆሟል። ብረቱን ዝናብ እየበላው ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

“ወረርሽኙ አልፏል፣ ገንዘባችን ይመለስ” የሚሉ አባላት አሉ። ሐሳባቸውን ሰምቻለሁ፣ አልስማማም። በሽታው ጋብ ሲል ችግሩ አብሮት አልሄደም። በ2021 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እንዴት እንደተሰቀለ ታውቃላችሁ። በጭንቅ ቀን የምትታለብ ላሙን የሸጠ ሰው በአንድ ዓመት አይተካትም። ለዘር ያስቀመጠውን የበላ ቤተሰብ በሚቀጥለው ወቅት ብድር ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ ዕዳ ገና ያልወጡ አባላት መካከላችን ተቀምጠዋል። እነሱን አውቃቸዋለሁ፣ ቦርዱ ጊዜ ይሰጣቸዋል። የምወቅሰው እያላቸው የተዉትን ነው።

ዛሬ ደግሞ ብዙ ወንበር ባዶ ነው። ስም አልጠራም። ያን ሰሞን እኩለ ሌሊት ደውሎ “ወተቱ ሊበላሽብኝ ነው፣ እባክህ መኪና ፈልግልኝ” ያለኝ ወንድሜ እዚህ የለም። በማግስቱ መኪናው ተገኘለት። ነዳጁን የቻሉት ሦስት አባላት ናቸው፤ ሦስቱም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዘንድሮ አራት ጊዜ ደወልኩለት፣ አላነሳም። ወንድሜ፣ ይህ ቃል ከደረሰህ፣ አልተቀየምኩህም። ግን ያለ አንተና ያለ መሰሎችህ ያ መጋዘን ጣሪያ አያገኝም።

ፈንዱ ሦስተኛው አጀንዳችን ነው። ይመለስ የምትሉም በግልጽ ተናገሩ፣ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። በምሳ ሰዓት እያንዳንዳችሁ ለአንድ ላልመጣ አባል ደውሉ። አሁን ቢነሱ ለድምፁ ይደርሳሉ።

ጉባኤው ተከፍቷል።