ማሽኑ ሲጮኽ እጃችሁን አትሰብስቡ
(ብረት እያዞረ ለሚቆርጠው የሌዝ ማሽን ሰልጣኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ውድ ሰልጣኞች፣

ይህን በእጄ የያዝኩትን ሻፍት፣ ክብ የብረት ዘንግ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም እኔው። ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር ነው። ለሰርክሊፕ፣ ማለትም ሻፍት ላይ ለሚገባ የማቆሚያ ቀለበት፣ የሚሆን፣ ስፋቱ 1.3፣ የታች ዲያሜትሩ 19 ሚሊሜትር የሆነ ቦይ እንዳወጣበት ታዘዝኩ። «ከ20 ወደ 19 አንድ ሚሊሜትር ነው» ብዬ መቁረጫውን ቱል ወደ ብረቱ የሚገፋውን የክሮስ ስላይድ ዳያል አንድ ሚሊሜትር አስገባሁ። የዚያ ማሽን ዳያል ግን የሚቆጥረው በራዲየስ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሚሊሜትር ተነሥቶ ቦዩ 18 ሆኖ አረፈው። በማታውቁት ማሽን ላይ ስትቆሙ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ትንሽ ቆርጣችሁ በካሊፐር ለኩ።

ዛሬ የመጣሁት ግን ቦይ ስንቆርጥ ስለሚሰማው ጩኸት ልነግራችሁ ነው። ተርኒንግ ላይ፣ የብረቱን ውጭ ገጽ ስንቆርጥ፣ ፍቅፋቂው እንደልቡ ይወጣል። ቦይ ውስጥ ግን ቱሉ በሙሉ ስፋቱ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ፍቅፋቂው መውጫው አንድ ብቻ ነው። ቱሉ ራሱ ደግሞ ቀጭን ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከተርኒንግ በግማሽ ገደማ እንቀንሳለን። ከሃይስፒድ ብረት በተሠራ ቱል፣ ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር በሆነ ለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ 120 ዙር ያህል ይበቃል።

ያም ሆኖ ይጮኻል። ያኔ ጀማሪ ይደነግጥና ቱሉን ከመግፋት እጁን ይሰበስባል። ቱሉ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ያሻል፤ ይግላል፤ ይደንዛል። የማይዝግ ብረት ከሆነማ የታሸው ገጽ ይጠነክራል፤ ቀጥሎ ገፋ ሲደረግ ቱሉ በአንዴ ይነክስና ቀጭ! እኔ ካየኋቸው የተሰበሩ ቱሎች ብዙዎቹ የፈሪ እጅ ውጤት ናቸው። ሲጮኽ ዙሩን ቀንሱ እንጂ ግፊቱን አታቋርጡ፤ በዙር 0.05 ሚሊሜትር ያህል ሳታወላውሉ ግፉ።

ካላቆመ ማሽኑን አጥፍታችሁ አሳሳሩን ተመልከቱ። ቱሉ ከመያዣው ብዙ ወጥቷል? ቦዩ ብረቱን ከያዘው ቸክ ርቋል? የቱሉ ጫፍ ቁመትስ? ቀጭን የብረት ማስመሪያ በቱሉ ጫፍና በብረቱ መሀል ቀስ ብላችሁ አጣብቁ። ቀጥ ብላ ከቆመች ቱሉ በብረቱ ማዕከል ልክ ነው። አናቷ ወደ እናንተ ካዘመመ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ማዶ ካዘመመ ከፍ ብሏል።

ሰፊ ቦይ ሲሆን ደጋግማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግቡ፤ ከታችም ከጎንም 0.2 ሚሊሜትር አስቀሩና በመጨረሻ አንዱን ግድግዳ ወርዳችሁ ታቹን ጥረጉት፤ ሌላውን ግድግዳ ለብቻው ጨርሱ። ለብረት ዘይት አትንፈጉት፤ ናስ በደረቁ ይቆረጣል። ፍቅፋቂ በእጅ አይነካም፤ ጓንትም ማሽኑ እየዞረ አይደረግም።

እዚህ 40 ሚሊሜትር ብረት ቸኩ ላይ ታስሯል፣ ዙሩም 120 ላይ ነው። መነጽራችሁን አድርጉ። ማን ይጀምር?