«ምንም አልሆነም፣ ቀጣይ»

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ ዛሬም ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ዛሬም ጋቢ ተከናንቤ ነው የማወራችሁ። ከኋላ የሚንጫጫ ነገር ከሰማችሁ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ። መብራት ሳይሄድ ልቅዳው ብዬ ነው የቸኮልኩት።

የዛሬው ወሬ ስለ እሁድ ጨዋታችን ነው። አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ አለ። በፈረንጆቹ 1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ነው። ጠረጴዛ ትከባላችሁ፣ አንዱ ይተርካል፣ ሌላው የየራሱን ሰው ሆኖ ይጫወታል፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል። ተረት ተረት ላይ ዳይስ ጨምሩበት፣ በቃ እሱ ነው። «የላም በረት» ካላችሁ በኋላ በረቱ መከፈት አለመከፈቱን ዳይሱ ይወስናል።

እኛ አምስት ነን፣ ተራኪው እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ የመንዝ ባና እናነጥፋለን፤ ዳይሱ እንጨት ላይ ሲንኳኳ እናቴን ከቀን እንቅልፏ ስለሚቀሰቅሳት። ባናው ግን የራሱ ጣጣ አለው። ዳይሱ ጠጉሩ ውስጥ ይሰነቀርና ጋደል ብሎ ይቀራል፤ 18 ነው፣ ኧረ 2 ነው ስንባባል ቡናው ይቀዘቅዛል። አሁን ጋደል ካለ ድጋሚ ይወረወራል የሚል ሕግ አውጥተናል። እሱን ለማጽደቅ ራሱ ሦስት እሁድ ፈጅቶብናል።

ስለ ቡናው ካነሳሁ አይቀር፣ ቡናውን የሚያፈላው አንድ የመንዝ ልጅ ነበር። ሙያ ስላለው አይደለም። ሥራ ስለሚፈታ ነው። የሱ ሰው ተዋጊ ነው፣ ዱላ የያዘ ተዋጊ። ተራው ሲደርስ ይወረውራል፣ ይስታል፣ እኔም «ምንም አልሆነም፣ ቀጣይ» እላለሁ። ተራው ዞሮ እስኪመጣ አንዳንዴ 20 ደቂቃ ነው። ፍልሚያ ከሌለ ደግሞ ይብሳል፤ ጠንቋዩ ጽሑፍ ያነባል፣ ሌባዋ ቁልፍ ትሰብራለች፣ የኔ ጓደኛ ተነስቶ ከሰል ያራግባል።

ለዓመታት ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ነበር። አሳምሬ መተረክ ስላልቻልኩ ነው እላለሁ።

ከዚያ አዲሱ እትም መጣ። የተጫዋቾቹ መጽሐፍ የወጣው በፈረንጆቹ መስከረም 2024 ነው፣ የተራኪው ኅዳር ላይ፣ የጭራቆቹ ደግሞ የካቲት 2025። የበፊቱ የ2014 ነበር፣ አሥር ዓመት ሙሉ የሠራንበት። አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ የተጫዋቾቹን መጽሐፍ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። 384 ገጽ ነው፣ የሻንጣውን ኪሎ በላብኝ ብሎ እስካሁን ያማኛል። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፣ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ፣ በስልክ መብራት። እንደጨረስኩም ጥፋቱ የኔ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ፤ አሮጌው ሕግ ራሱ ሰው ተራውን በከንቱ ሲያሳልፍ ቅር አይለውም ነበር። አዲሶቹን ጸሐፊዎች የቆረቆራቸው ይሄ ይመስለኛል።

ድንገተኛ ጥቃትን እዩ። ቡድኑን ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርደው ዓይነት ቁልቁለት ላይ አደረግኳቸው፣ እጅህን ዘርግተህ እጅህ የማይታይበት ጉም። ከጉሙ ውስጥ ሽፍቶች ወጡባቸው። በአሮጌው ሕግ ያልጠረጠረ ሰው የመጀመሪያ ተራው ተቃጠለ ማለት ነው፤ መንቀሳቀስ የለም፣ መምታት የለም። እህቴ ያኔ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረውን ፍልሚያ እጇን አጣጥፋ ነው ያየችው። አሁን ግን የደነገጠ ሰው የተራ ዕጣ ሲያወጣ ሁለት ዳይስ ወርውሮ ዝቅተኛውን ይይዛል፣ አለቀ። ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ተመልካች አይሆንም።

የፈውስ መድኃኒቷም እንደዚያው። እኛ ጠረጴዛ ላይ አረቄ ነው የምንላት፣ ደብረ ብርሃን ሆነን ሌላ ምን ልንላት ነው። በፊት አረቄዋን ለመጠጣት ዋናው ድርጊትህ ይበላ ነበር። ስለዚህ ቆስለህ ወይ ትጠጣለህ ወይ ትመታለህ። ብዙ ጠረጴዛ ይሄን ሕግ በጎን ጥሶት ነበር፣ እኛም ጥሰነዋል። አሁን መጽሐፉ ራሱ በቦነስ አክሽን፣ ማለትም ከዋናው ድርጊት ጎን በምትሠራት ትንሽ ድርጊት፣ ጠጣው ይላል፤ ጨልጠህ በዚያው ተራ ትመታለህ። ቁስል የሚያድነው ድግምትም ከአንድ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል። በፊት የምታድነው ሰው ተነስቶ፣ አንዴ ተመትቶ፣ ተመልሶ ይተኛ ነበር።

አሁን ወደ ዱላው። በፊት ዱላ ዱላ ነበር፣ የጉዳቱ ቁጥር ነው እንጂ ከመዶሻ የሚለየው ነገር አልነበረም። አዲሱ እትም ለየመሣሪያው ጠባይ ሰጠው፣ ተዋጊም ገና ከመጀመሪያው ደረጃ የሦስት መሣሪያ ጠባይ ያውቃል። በዱላ ከመታህ ጠላትህን ትጥለዋለህ፤ የተመታው ሰው ማምለጫ ዳይስ ወርውሮ ካልተሳካለት መሬት ላይ ይዘረጋል። ወንጭፍ ደግሞ ያዘገያል፣ የመታኸው ጠላት በዚያ ዙር አሥር ጫማ ያህል እርምጃ ይቀነስበታል። ይሄን ሳነብለት ጓደኛዬ ከሰሉን ትቶ መጣ። ልጅ ሆኖ የገብስ ማሳ ከጭላዳ ሲጠብቅ ነው ያደገው፣ ወንጭፍ ስትነግረው የምታወራው ስለ ጨዋታ አይደለም። «ጭላዳ እኮ ብትስተውም ይቆማል፣ ድምፁን ሰምቶ» አለኝ። ያንን ሕጉ አልጻፈውም አልኩት። ሕጉን የጻፈው ሰው መንዝ አልመጣማ አለኝ። ጅራፍም እንደ ወንጭፉ ያዘገያል፤ የቡሄ ልጆች ይስሙልኝ።

እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት የትልቁን ሰይፍ ጠባይ ነው። ብትስትም ትቧጭራለህ። ዳይሱ ቢከዳህም በጉልበትህ ልክ ትንሽ ጉዳት ታደርሳለህ። ትንሽ ነው፣ ሦስት፣ አራት። ግን «ምንም አልሆነም» የሚለውን ቃል ከአፌ ቀማኝ። ሌላም ቦታ ስታነቡ ይሄው ነገር ይመጣል፤ ጠላት ድግምትህን ቢያከሽፍብህ ድርጊትህ ይባክናል እንጂ ድግምቱን የከፈልክበት ኃይል ይመለስልሃል።

ከፍልሚያ ውጭስ? ተዋጊ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አንድ ነገር ሞክሮ ሲያቅተው፣ በር መግፋትም ይሁን ሽማግሌ ማግባባት፣ ቁስሉን ከሚያድስበት ትንፋሹ ላይ ወስዶ አንድ ባለ 10 ገጽ ዳይስ መጨመር ይችላል። ከጨመረም በኋላ ካልተሳካለት ትንፋሹ አይቆረጥበትም። ይቺን የጻፈው ሰው ጠረጴዛ ዳር ከሰል ያራገበ ሰው መሆን አለበት።

ድካምም ቀሏል። በፊት ስድስት እርከን፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቅጣት፣ ሠንጠረዥ ካልተገለጠ የሚያስታውሰው የለም። አሁን በየእርከኑ ከዳይስህ ሁለት ትቀንሳለህ፣ ከእርምጃህ አምስት ጫማ፣ ስድስተኛው ላይ ትሞታለህ። በእግር አንኮበርን ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ሠንጠረዥ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። በአሮጌው እትም የሰውህ ተጨማሪ ጉልበት ወይ ብልሃት የሚመጣው እንግሊዝኛው «ሬስ» ከሚለው ነበር። እስቲ ይሄን በአማርኛ ተርጉሙትና እሁድ ከሰዓት ሰው ሰብስባችሁ «ዘርህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጨዋታ ጀምሩ። እኔ ሁሌ «ፍጥረትህ» እያልኩ ነበር የማልፈው። አዲሱ ቃሉንም ቀይሮታል፣ ጭማሪውንም ከኑሮህ ጋር አያይዞታል፤ ከጀብዱው በፊት ምን ሠርተህ ትበላ ነበር ነው ጥያቄው። ገበሬ የሚል አለ፣ ማጭድና የብረት ድስት ይዞ ይነሳል፣ ለመግደልም ያስቸግራል። የመንዙ ልጅ የቱን እንደመረጠ መናገር አያስፈልገኝም። ልክ ነው፣ ይሄም የራሱ ማነቆ አለው፣ የኑሮው ዓይነት 16 ብቻ ስለሆነ የፈለግከው ጭማሪ ካልፈለግከው ኑሮ ጋር ይመጣል። የተራኪው መጽሐፍ የራሳችሁን ፍጠሩ ይላል፣ እኛም ፈጥረናል። የመጀመሪያው አረቄ አውጪ ናት፣ የእህቴ።

ያልወደድኩትስ? ዱላው ባረፈ ቁጥር ጠላት የማምለጫ ዳይስ መወርወሩ ተራውን ያስረዝመዋል፣ በተለይ አንዱ ሁለቴ መምታት ሲጀምር። ባናው ላይ ሲሆን አስቡት።

ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም ለምትሉኝ ደግሞ፣ አብዛኞቻችን የለንም። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ሚያዝያ 2025 ላይ የዋናውን ሕግ ፍሬ በነፃ ለቆታል፣ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ። የመሣሪያዎቹ ጠባይ አለ፣ ተዋጊውም አለ፤ ገበሬው ግን የለም፣ እሱ መጽሐፉ ላይ ነው። ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ መተርጎምም ትችላለህ። እኔ የመሣሪያዎቹን ገጽ በአማርኛ ጽፌ አራቱም ስልክ ላይ ልኬያለሁ። «ሳፕ» የሚለው ላይ ተቸግሬ ነበር፣ ጦር ያለው ጠባይ ነው፣ የተወጋው በሚቀጥለው ምቱ ላይ ይደክማል። እህቴ «ማፍዘዝ በለው» አለችኝ፣ ተባለ።

ባለፈው እሁድ ድልድይ ላይ ነበሩ። የመንዙ ልጅ የሽፍቶቹን አለቃ በዱላው ዘርግቶት፣ የቀሩት እየተረባረቡበት፣ እኔ የማምለጫ ዳይስ ባናው ውስጥ ስፈልግ፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጥፍቶታል። ማንም አልተነሳም ነበር። እናቴ ከጓዳ ወጥታ አየችን፣ ጀበናውን አየችው፣ «አምስት ሰው ቁጭ ብሎ!» አለች። ጓደኛዬ ዓይኑን ከባናው ሳያነሳ «እማማ፣ ተራዬ ነው» አላት።

በሉ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። ሰላም ሁኑ።