ሳያድሩ እንግዳ መሆን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሴ ክፍል ሳንይዝ፣ ሳናድር፣ ለአንድ ቀን ወይም ለግማሽ ቀን ሪዞርት ስለምንሄድ ሰዎች ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። አድሬ የማውቀው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ውዬ የመጣሁትን ግን አልቆጠርኩትም።

ካለፈው ዓመት አንድ እሁድ ልጀምር። እህቴ ከዳላስ ከልጆቿ ጋር መጥታ ነበርና እናታችንን ይዘን ቢሾፍቱ ለመዋል ተነሳን። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት ከወጣችሁ ለቁርስ ትደርሳላችሁ። እናቴ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት ስታቁላላ አመሸች። ዶሮውን ሠራች፣ አይቡን ለብቻ አደረገች፣ እንጀራውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችና ያቺን የልጅነታችንን ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ሞላቻት። ማናችንም «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሪዞርት ነው» አላልናትም። ልንላት አልደፈርንም መሰለኝ።

በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳ ይፈትሻል። ወጣት ልጅ ነው። ዘምቢሉን ከፈት ሲያደርገው የዶሮው ሽታ ወጣ። ልጁ ቀና ብሎ እናቴን አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምግብ ከውጭ ማስገባት አይቻልም» አላት። እሷም «ምን ነውር አለው የኔ ልጅ? ሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?» አለችው። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለእሷ የምትሄድበት ቦታ የሰው ቤት ነው፤ ሰው ቤት ደግሞ በእጅ ተይዞ ነው የሚኬደው። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ይነፋል፣ እህቴ ፊቷ ቀልቷል፣ ልጆቹ ገንዳው የት ነው እያሉ ይጠይቃሉ። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ምሳ ዕቃዋን ለልጁ ዘረጋችለት። «በሉ እንግዲያው እናንተ ብሉት። ስንት ናችሁ?» አራት ነበሩ።

ያን ቀን ማን አጠፋ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ልጁ አላጠፋም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ያውም በትህትና። ሆቴሉም ቢሆን ከወጥ ቤቱ ነው የሚኖረው፤ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ሆዱን ቢያመው ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። እናቴማ ያደገችበትን ነው የሠራችው። ያጠፋነው እኔና እህቴ ነን። አንድ ስልክ ደውለን «ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል?» ብለን ብንጠይቅ እናቴ ቅዳሜ ሌሊት ትተኛ ነበር።

ለምን አልጠየቅንም? ዛሬ ላወራው የፈለግኩት ይህንን ነው። ያልጠየቅነው በይሉኝታ ነው። እኛ ዋጋ መጠየቅ ያሳፍረናል። «ለመግባት ስንት ነው? ክፍያው ምን ምን ይጨምራል? ልጆች ይከፍላሉ?» ብሎ መጠየቅ የሌለው ሰው የሚያስመስል ይመስለናል። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብለን እንገባለን። ከገባን በኋላ ግን ይሉኝታችን የት እንደሚሄድ አላውቅም። ያልከፈልንበት ወንበር ላይ ስንጋደም አያሳፍረንም። በር ላይ ሊያሳፍረን የማይገባው ያሳፍረናል፣ ውስጥ ሊያሳፍረን የሚገባው አያሳፍረንም።

ይህን የምለው በሌላ ሰው ላይ ጣቴን ልቀስር አይደለም። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ልንጠጣ ገባን። ማኪያቶ ለጠጪ ሁሉ ክፍት ነው፣ ችግር የለውም። ከጠጣን በኋላ ግን ወደ ገንዳው ወረድን። ጋደም የሚባልባቸው ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ አንዱ ላይ ቦርሳችንን አስቀመጥን፣ ሁለቱ ላይ ተጋደምን። ተጣጥፈው ከተደረደሩት ፎጣዎች ሁለት አነሳሁ። የገንዳው ሠራተኛ መጣና «ይቅርታ፣ የክፍል ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለኝ። በዚያች ደቂቃ «እኛ አላደርንም፤ ለገንዳው ለብቻ ይከፈላል?» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን አፌ እንደመራኝ አንድ ቁጥር ጠራሁ። ዋሸሁ። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ «ሁለት ፎጣ» ብሎ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር መጡና ፎጣ ጠየቁ። ቁጥራቸውን ሲናገሩ የጠራሁት ቁጥር ነው። ሠራተኛው ደብተሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለም። ይህ ዝምታው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሳሁ፣ ፎጣዎቹን ይዤ ሄድኩ፣ እውነቱን ነገርኩት፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። የመለሰልኝ እንዲህ ነው፤ «ፎጣው ማታ ይቆጠራል። የጎደለው ከእኔ ነው የሚታሰበው።»

እንግዲህ እኔ ሆቴልን ሳስብ ትልቅ ሕንጻ፣ ትልቅ ባለሀብት ነበር የሚታየኝ። ሁለት ፎጣ ምን ያጎድልበታል? ፎጣው ግን የትልቁ ባለሀብት ሳይሆን የዚያ ልጅ ዕዳ ነበር። ያን ቀን የገንዳውን ከፍለን ወጣን፤ ለእሱም በእጁ ትንሽ ነገር ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ። ቢሆንም አልቀለለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አስቀድሜ እደውላለሁ። በብዙ ቦታ የቀን ዋጋና የአዳር ዋጋ ይለያያል፤ የሥራ ቀንና የሳምንት መጨረሻም አንድ አይደለም። አንዳንዱ በር ላይ የከፈላችሁትን ከምሳ ሒሳባችሁ ያስብላችኋል፣ አንዳንዱ አያስብም። ገንዳው ተከፍሎበት ሳውናና ስቲም ለብቻ ሊሆን ይችላል። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ ይጨምራል አይጨምርም የሚለውንም ጠይቁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሲደነግጥ አይቻለሁ። አሥር በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ በሚያስከፍል ቤት የ1,000 ብር ምሳ መጀመሪያ 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 1,265 ብር ነው። አስተናጋጁ አልሰረቃችሁም። ግን አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው እንደተሰረቀ ነው የሚሰማው፤ ንዴቱም የሚያርፈው አስተናጋጁ ላይ ነው።

ሰዓቱንም አደራ። «ገንዳው እስከ ስድስት ነው» ሲሏችሁ በሀበሻ ነው በፈረንጅ በሉ። አንድ ዘመዴ ይህን ሳይጠይቅ ልጆቹን አጣድፎ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከውሃ አውጥቷቸው ያውቃል፤ ገንዳው ለካ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነበር።

ሳያድሩ መዋል አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባ መነሻ ራሱ ፍልውሃ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው። ፍልውሃ የሚሄድ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ታጥቦ ለተከታዩ ይለቅቃል። ሂልተንም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳው ከመሬት በታች በሚወጣ ፍል ውሃ ነበር የሚሞላው። ሂልተን አንድ ቀን እንኳ ሳያድር፣ በአባልነት ወይም የቀን ከፍሎ እዚያ ዋና የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ነው። ግዮንም እንደዚሁ። ስለዚህ ያላደረ ሰው ባዕድ ነው ማለቴ አይደለም። ከፍሎ፣ ተጠይቆ፣ ታውቆ የሚገባ ሰው ሙሉ እንግዳ ነው።

ውሃው ውስጥ ስለመግባት አንድ ነገር ልበል፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ገንዳ ሲሸታችሁና ዓይናችሁን ሲያቃጥላችሁ «ክሎሪን አብዝተውበታል» ትላላችሁ አይደል? አብዛኛውን ጊዜ የሚሸተው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን የሚባለው ነገር ነው። ማለትም እኛው ይዘነው የገባነው። ሳይታጠቡ አትግቡ የሚባለው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሰው ሳትታጠብ ስትገባ፣ ወንዶቹ የዋሉበትን ቁምጣ ለብሰው ሲዘሉ፣ የሚጎዳው ከኋላ የሚገባው የሰው ልጅ ዓይን ነው። ሁለት ደቂቃ ሻወር ሥር ቁሙ። ልጆቻችሁንም መጀመሪያ ሽንት ቤት ውሰዷቸው።

ፎቶስ? ሙሽሮች መስክ ለመውጣት ሪዞርት ይመርጣሉ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ካሜራ፣ አጃቢና ድምፅ ማጉያ ይዞ ለሚመጣ ሰው ፈቃድና ክፍያ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ከኋላችሁ በዋና ልብስ የተጋደመች ሴት ቲክቶክ ላይ መውጣት አልፈለገችም። ዞር ብላችሁ ቅረጹ።

አሁን ደግሞ ሆቴሎቹን። በእነሱም አዝናለሁ። ዋጋን በር ላይ በጉልህ አማርኛ፣ በየአካባቢው ቋንቋም ቢጽፉ ምን ነበረበት? ዋጋው ተለጥፎ ቢሆን ይሉኝታ ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አንብቦ ይወስን ነበር። ሌላው፣ አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሜ ያየሁት አለ፤ ከፊታችን የነበረ ነጭ ሰው እጁን አውለብልቦ ገባ፣ እኛ ግን «ወዴት ናችሁ?» ተባልን። እሱ ያድር እንደሆነ አላውቅም፤ ሊሆን ይችላል። ግን ከጠየቁ ሁላችንንም መጠየቅ ነበረባቸው። አንዱን ጠይቆ አንዱን ማሳለፍ ሰው አገሩ ላይ ባይተዋር እንዲሆን ያደርጋል።

ሐይቁን በሚመለከት ደግሞ ሐሳቤ ይለያል። ገንዳው፣ ፎጣው፣ ሣሩ የሆቴሉ ነው፤ ደክሞበታል። ሐይቁን ግን ሆቴል አልቆፈረውም። የቢሾፍቱዎቹ ሐይቆች ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ ስንት ሕዝብ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ማንም ሰው በቆሎ ጥብስ ይዞ ውሃው ዳር ይቀመጣል፤ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ደግሞ ዓሣውን ይበላል። ይህ በየሐይቁ ቢኖር እወዳለሁ። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ውሃውን በሆቴል በር ካልሆነ የማያይ ልጅ ሊኖር አይገባም። እንደዚያ ያለ ልጅ አጥር ዘሎ ሲገባ ባይ፣ እንደ ራሴ ፎጣ ማንሳት አድርጌ አልቆጥርበትም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ያን ቀን ማታ ስንወጣ ጥበቃው መኪናችንን አስቆመው። ምሳ ዕቃዋን ይዞ መጣ። ታጥባ፣ ደርቃ፣ ሦስቱም ድርብ በቦታው ገብቶ፣ ነጩ ጨርቅ ላይዋ ላይ ታጥፎ። «እናቴ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ» አላት። እናቴ ክዳኑን ከፍታ አየች፣ መልሳ ዘጋችው፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጭኗ ላይ አድርጋው መጣች።

በሚቀጥለው እሁድ የእሷን ልደት ምክንያት አድርገን እዚያው ልንሄድ ነው። ትናንት ደወልኩ። ስምንት ሰዎች ነን፣ አናድርም፣ ሦስቱ ልጆች ናቸው አልኳቸው። ዋጋውን ነገሩኝ፤ ኬክ ከውጭ ይገባል፣ ምግብ አይገባም አሉኝ። ለእናቴ ይህንኑ ነገርኳት። «እሺ፣ ኬኩ ይበቃል» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ከወጥ ቤት ተጣራች፤ «የበሩ ልጆችስ እሁድ ተረኛ ናቸው ወይ? እስቲ ደውዪና ጠይቂልኝ።»