ጣት የሚያውቀው ቁልፍ

የተከበራችሁ ዳኞችና መምህራን፣ እናንተም ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣችሁ ተወዳዳሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጠራሁት በዚህ የወደፊት ዕቃዎች ንድፍ ውድድር ላይ እንኳን ደስ አላችሁ እንድል ነው። እንኳን ደስ አላችሁ! ከሰዓት በኋላ ሥራዎቻችሁን አንድ በአንድ እየዞርኩ አየሁ። ግድግዳ የሚመስለውን ፍሪጅ፣ እንደ ወረቀት የሚጠቀለለውን ስክሪን፣ ያለ ውሃ የሚያጥበውን ማሽን። አብዛኞቻችሁን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃችኋለሁ፤ እርሳስ አያያዛችሁን ሳይቀር። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። ከዕቃዎቹ በአብዛኞቹ ላይ አንድም ማዞሪያ፣ አንድም የሚጫኑት ቁልፍ አላየሁም። ሁሉም ልሙጥ መስታወት ነው።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ልብሷን ግን ራሷ ነበር የምታጥበው። የድሮው ማሽኗ ማዞሪያ ነበረው። ስታዞረው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሦስት ቀጭ ለነጭ ልብስ፣ አምስት ቀጭ ለስስ ልብስ። ማየት አያስፈልጋትም፤ ትቆጥራለች። ማሽኑ ሲያረጅ አዲሱን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ፊቱ ጥቁር መስታወት የሆነ፣ በጣም የሚያምር። ወዲያው ምልክቶቹ አልታይ አሏት። ፕላስተር በትንንሹ ቆርጬ ምልክቶቹ ላይ ለጠፍኩላት፤ በጣቷ እየዳሰሰች እንድታገኛቸው። እሷም ዳሰሰች። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ መዳሰስንና መጫንን አይለይም። ሦስተኛውን ፕላስተር ስትፈልግ አንደኛውንና ሁለተኛውን ነክታለች፤ ማሽኑ ሁለቴ ታዟል። እጇ እርጥብ ሲሆንማ ጭራሽ አይታዘዝላትም። አንድ ቀን ስሄድ ልብሱን ዘፍዝፋ፣ አጎንብሳ በእጇ ስታሽ አገኘኋት። ማሽኑ አጠገቧ ቆሟል። «ልጄ፣ እኔና እሱ አልተግባባንም» አለችኝ።

ማሽኑ ደህና ነው፤ እንደተሠራው ነው የሚሠራው። ጥፋቱ የተጀመረው ንድፉ ሲሳል፣ እናንተ እንደምትቀመጡበት ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷ አቅም ስላነሳት አይደለም ወደ እጅ እጥበት የተመለሰችው። እኛ ነን የነጠቅናት!

ሌላ መንገድ አለ። ሳም ፋርበር የተባለ ሰው ባለቤቱ ቤትሲ በመገጣጠሚያ ሕመም የተነሳ የአትክልት መላጫ መያዝ ሲቸግራት አየ። ስማርት ዲዛይን ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ እጀታውን ወፍራምና ለስላሳ ጎማ አደረገው። ኦክሶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ዋለ። ከታመመ እጅ ተነስቶ የተሠራው መላጫ ለጤነኛውም እጅ ተመቸ። ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ። ከመላጫ በላይ ተራ ዕቃ አለ?

«ልሙጡ ግን ያምራል፣ የወደፊት ይመስላል» ትሉኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ፣ ዲዝኒላንድ በተባለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ የኬሚካል ኩባንያው የሞንሳንቶ «የወደፊቱ ቤት» ቆሞ ነበር፤ ግድግዳው ፕላስቲክ፣ ኩሽናው ባለ ማይክሮዌቭ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲያፈርሱት ማፍረሻው የብረት ኳስ ግድግዳውን መትቶ ይነጥር ነበር። ያን ያህል ጠንካራ ነበር። ሆኖም ወደየቤታችን የገባው ማይክሮዌቩ ነው፤ ግድግዳው ቀረ። መልክ ያረጃል። የእኛም ዓይን ያረጃል፣ የእኛም ጣት ይንቀጠቀጣል። የእያንዳንዳችን የወደፊት እኮ እርጅና ነው! እናቴ የማታዝዘውን ዕቃ የወደፊት ዕቃ ብላችሁ አታሳዩኝ!

ስለ ጥገናም ልናገር ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። ጉግል ክፍሎቹ እየተነቀሉ የሚቀየሩ ስልክ ፕሮጀክት አራ ብሎ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ተወው። እናንተ አትተዉት። ብሎን ሳሉ፤ የሚከፈት ክዳን ሳሉ።

ነገ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ሞዴላችሁ ፊት ቁሙ። እጃችሁን አርጥቡ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ከዚያ አብሩት። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ። እናቴንም ይዣት እመጣለሁ።