ጣቶቹን ዳስሱልኝ
(ባሕር ዳር ላይ ለወጌሻዎችና ለባጃጅ ሹፌሮች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ሹፌር ወንድሞቼ።

እኔ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ። ግን ሰው ሲሰበር ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ከዘጌ በጀልባ አመጡልን። ከዛፍ ወድቆ ነው። ቁርጭምጭሚቱ በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። አራተኛ ቀኑ ነበር። ስፈታው ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ጠቁረዋል። እግሩን ማትረፍ አልቻልንም። ያሰሩት አባት አብረው መጥተው ነበር። ኮሪደር ላይ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ክፉ አስበው አልነበረም።

ቁርጭምጭሚት እንደ ሌላው ስብራት አይደለም። ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ግራና ቀኝ ሆነው ከሥራቸው ያለውን አጥንት ልክ እንደ ጉጠት ይይዙታል። መላ ሰውነታችን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ያ የታችኛው አጥንት 1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በ42 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥናት አሳይቷል። 1 ሚሊሜትር ማለት የክብሪት እንጨት ውፍረት ግማሽ ያህል ነው። ይህን በዳሰሳ ማስተካከል አይቻልም። የእኔም እጅ አይችልም። ለዚህ ነው ከፍተን፣ በራጅ እያየን፣ ስብርባሪውን ቦታው መልሰን በብረትና በብሎን የምናስረው።

«10 ቀን ዝም ብለው አስተኙት» የሚል ወቀሳ እሰማለሁ። ልክ ናችሁ፣ እናስተኛለን። እግሩ አብጦ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሳለ ብንቀደው ቁስሉ አይገጥምም፤ ይመረቅዛል። እግሩን ከፍ አድርገን ጠዋት ጠዋት ቆዳውን እናያለን። መጨማደድ ሲጀምር ያን ጊዜ እንገባለን። ክፉኛ ለደቀቀው ደግሞ እስከዚያው ከውጭ በኩል ብረት እንተክልለታለን። መጠበቁ ራሱ ሕክምና ነው፤ እባካችሁ ለቤተሰቡ ንገሩልኝ፣ ሳይታከም ፈርመው ይዘውት እንዳይሄዱ።

አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ ግን ቀጠሮ የለም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በዚያው ሰዓት አምጡት። ቅቤም ቅጠልም አይነካው። ቁስሉ እንዳይመረቅዝ የሚከላከለውን መድኃኒት በቶሎ በደም ሥር መጀመር አለብን።

ሹፌሮች፣ እግሩን አታንጠልጥሉት። ወንበሩ ላይ አጋድሙት፣ ከሥሩ ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉለት።

አባቶቼ፣ «ወለምታ ነው» ብላችሁ አትሹት። መርገጥ ካቃተው ወይም እግሩ ከተጣመመ ራጅ ይነሣ። ለመንገድ ስታስሩትም ላላ አድርጉት። ጣቶቹን አትሸፍኑ። ደጋግማችሁ ዳስሷቸው፤ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰበት ወዲያው ፍቱት።

ቀርከሃ የያዛችሁ እስቲ ወደ ፊት ኑ። ጫማዬን አውልቄያለሁ፤ በእኔ እግር ላይ አብረን እንሰር።